ለአለነ የገዛሁት መጽሐፍ

መስከረም 20

ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ መጣ። ጠዋት ጸጉር ቤቱን ስከፍት ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ቁልፉ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ።

ገበያ ስለነበረ ሰው አላባራም። ታንጉት የጸጉር ማድረቂያ ካስኩን፣ እኔ ማበጠሪያውን፣ ሁለታችንም ወሬውን ይዘን ዋልን። ታንጉት አብራኝ መሥራት ከጀመረች ወዲህ ደባርቅ ውስጥ ተደርጎ ያልሰማሁት ነገር የለም። የዛሬው፦ የባለ ወፍጮው ልጅ በቁርባን ልታገባ ነው። በቁርባን ማለት እኮ... ፍቺ የለም፣ «አልተስማማንም» የለም፣ አለቀ። እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል። «መውጫ በር የሌለው ቤት! ሰው እያወቀ እንዴት ይገባበታል?» አልኩ። ካስክ ስር ያሉት ሁሉ ሳቁልኝ። ቀና ስል እጮኛዬ አለነ በሩ ላይ ቆሟል፤ ምሳ ሊጋብዘኝ መጥቶ። እሱ አልሳቀም። አልሰማ ይሆናል።

ጥሬ ሥጋውን ግን ጥርግ አድርጎ በላ። እንዲህ ሲበላ ደስ ይለኛል። ሽማግሌዎቹ ነሐሴ ላይ መጥተው ጨርሰዋል፤ ሠርጋችን ከጥምቀት በኋላ ነው። አንዳንዴ እንዲሁ ብቻዬን ሆኜ እስቃለሁ። ደኅና ነኝ ግን?

መስከረም 23

ዳባት ወርጄ እማዬን አየኋት። ለሠርጉ የሚሆን ብቅል ከአሁኑ ላብቅል ትላለች። ቆዪ ገና ነው ብላት ወይ ፍንክች።

ስመለስ ሚኒባሱ እስኪሞላ ያርጋል ጋ ቆምኩ። ያርጋል መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግቶ አሮጌ ሬዲዮ፣ ቀበቶና ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጠው ነው። አለነ ትዝ አለኝ። ተራራ ላይ ሲያመሹ እንግዶቹ ሁሉ መጽሐፋቸውን ይዘው ድንኳን ይገባሉ፣ እሱ እሳት ሲያይ ያመሻል። «አስጎብኚ ሆኜ እኔን የሚያስጎበኘኝ አጣሁ» ብሎኝ ነበር።

አንዱን አነሳሁ። ሽፋኑ ላይ ጀርባውን የሰጠ ሰው ዱላ ይዞ ተራራ ይወጣል። ተራራ ስላለበት መረጥኩት... ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ስለ ምንድን ነው?» አልኩት ያርጋልን።

«ቤቱን ጥሎ ስለ ወጣ ሰው።»

«ወዴት ሄደ?»

«ብርሃን ፍለጋ ነው አሉ።»

«አገኘ?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እሸጣለሁ እንጂ አላነብም።»

መስከረም 25

ሰጠሁት። እያገላበጠ አየውና «ሰውዬው እኔን ይመስላል፣ በተለይ ጀርባው» አለ። ነገ እንግዳ ይዞ ተራራው ላይ ወደ ግጭ ይወጣል።

ጥቅምት 3

ተመልሷል። ፊቱ በፀሐይ ተልጦ፣ ከንፈሩ ደርቆ። ምሳ ልጋብዝህ ብለው «ጾም ነኝ» አይለኝም?

የምን ጾም? የጽጌ። ጽጌን እኮ ማንም ጹም ብሎ አያስገድድም። የምትጾመው እማዬ ናት፣ ቄሶቹ ናቸው፣ መነኮሳቱ ናቸው። ቁርጥ ቤት በስሙ የሚጠራው አለነ ነው እንዴ ከነሱ ጋር የሚቆጠረው?

«ምን ተገኘ?» አልኩት።

«ምንም። መሞከሬ ነው።»

«መጽሐፉስ?»

ይሄኔ ዓይኑ በራ። «ጨርሼ እንደገና ጀመርኩት። ስጤ፣ ሰውዬው ልክ ነው እኮ።»

«ምኑ ነው ልክ?»

«በግማሽ ልብ መኖር አይቻልም ይላል።»

ሽሮውን በልቶ ሄደ። ቢራም አልጠጣ።

ጥቅምት 11

ገዱ ባለ በቅሎው የአለነን ጃኬት ለብሶ በጸጉር ቤቱ በር አለፈ! ያንን ሰማያዊውን። ጀርመኖቹ ትተውለት የሄዱትን፣ ሳንቃበር ላይ ውርጭ ሲወርድ የሚያድነውን። እኔን እንኳ አንድ ቀን አውሶኝ አያውቅም።

ሮጬ ወጣሁ። «ገዱ፣ ምነው የሰው ልብስ?»

«ሰጥቶኝ ነው እቴዋ። ጫማም ጨምሯል።» እግሩን አነሳና አሳየኝ።

ገብቼ ለታንጉት ነገርኳት። ማበጠሪያውን አስቀመጠች። እሷ ማበጠሪያ ስታስቀምጥ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ሲጾም አየሽው፤ ልብሱን መጸወተ፤ መጽሐፉ ደግሞ ስለ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ቤቱን ጥሎ ስለ...» አልጨረስኩትም።

ታንጉት የበየዳ አጎቷን ታሪክ አመጣች። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ በጎቹ ታስረው... አጎቷ ጥሎ ዋልድባ ገዳም ገባ። ሙሽራይቱ ሂናዋን እንደሞቀች ቀረች። «እሱም እንደዚሁ መጀመሪያ ጋቢውን ነው የሰጠው» አለችኝ።

መጽሐፉን ለአለነ ማን ገዛለት? እኔ። በገዛ እጄ።

ጥቅምት 12

አለነ አይመንንም። ኳስ ሲያይ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ሰው እንዴት አድርጎ ይመንናል።

ጥቅምት 17

ዳቦ ልገዛ በማለዳ ስወጣ አለነን አየሁት። ነጠላ አጣፍቶ፣ ከኪዳን ተመልሶ፣ ከአባ ሃብተ ጊዮርጊስ ጋር አጥራቸው ሥር ቆመው ያወራሉ። አባ የኛም የነሱም ቤት የንስሐ አባት ናቸው። እኔን ሲያይ ወሬው ቆመ።

«ምን ነበር ከአባ ጋር?»

«እንዲሁ ጨዋታ።»

«በዚህ ብርድ?»

«ስጤ፣ ሲያልቅ እነግርሻለሁ።»

ሲያልቅ? ምኑ? ቀኑን ሙሉ ይቺን ቃል ሳመነዥክ ዋልኩ። የአንዲቱን ደንበኛ ጸጉር ሳላውቀው በግራ መክፈል ሲገባኝ በቀኝ ከፈልኩት። ጥሩ ሰው ሆና «ይሄም ያምርብኛል» አለች።

ጥቅምት 24

ዛሬስ ጉድ ነው የሰማሁት።

ጠዋት አንዲት ወጣት ገባች። ጂንስ ሱሪ፣ የተራራ ጫማ፣ መልኳ ቁርጥ የኛ ሰው። አፏን ስትከፍት ግን «እንደምን አድራችኋል ልጆቼ፣ እግዜር ያክብራችሁ» አለችን። እኔና ታንጉት ተያየን። የሰማንያ ዓመት ባልቴት ናት የምታወራው!

ኔታ ትባላለች። የመጣችው ከእስራኤል ነው። አማርኛውን የተማረችው ከአያቷ ከወርቄ፣ ከሌላ ከማንም አይደለም፤ ስለዚህ እንደ አያቷ ነው የምታወራው። «ጠጉሬን በደኅና እጅ ጎንጉኝልኝ፣ እናቴዋ» ብላ ተቀመጠች። ወደድኳት።

የአያቷ መንደር ዳባት አጠገብ ነበር። ሄዳ አይታው መጣች፤ ቤቱ የለም፣ ዛፉ ብቻ አለ። አያቷ የወጡት በሱዳን በኩል በእግር ነው አለችኝ። የወጡ ቀን ምድጃው ላይ እሳቱን እንደነደደ፣ ድስቱን እንደተጣደ ትተው ነው። ለምን ስላት፦ «የሚሄድ ሰው እሳት አያጠፋም። ጎረቤት ያውቅበታል ትለኛለች።»

ታዲያ... ተራራ ላይ ያስጎበኛት ማን ሆኖ ተገኘ? አለነ!

«ጎበዙ ልጅ ግን ደኅና ነው?» አለችኝ። «ማለዳ ማለዳ ከድንኳኑ ራቅ ይልና ይሰግዳል። ይሰግዳል፣ ይነሳል፣ ይሰግዳል። ጉልበቱ ተልጧል። ምነው ልጄ ብለው፣ የቤት ሥራ ተሰጥቶኝ ነው አለኝ።»

ታንጉት ከኋላዋ ሆና በምልክት «አላልኩሽም?» ትለኛለች።

ኔታ ስትሄድ ጉንጬን ሳመችኝና «ይባርክሽ፣ በልጅ በልጅ ያድርግሽ» ብላ መረቀችኝ። በሃያ አራት ዓመቷ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት እስቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልወጣልኝም። የሚሄድ ሰው እሳት አያጠፋም ካለች... አለነ ሊሄድ ከሆነ እሳቱን ለምን ሰው እያየው ያጠፋል?

ኅዳር 1

ጥምቀት የምለብሳትን ቀሚሴን አጣኋት። ሳጥኑ ውስጥ የለችም። እማዬ ባለፈው መጥታ ስታድር ይዛት ሄዳ ይሆናል። ስልክ ብደውልላት «እኔ ምን አውቄ» ብላ ዘጋችው። እማዬ ስልክ ቶሎ ስትዘጋ አላውቅም። እሷም ሰምታ ይሆን?

ኅዳር 4

ሙሌ ልብስ ሰፊው ጋ ሱሪ ላሳጥር ገባሁ። መኪናው ላይ ነጭ የአገር ልብስ ተዘርግቷል። ጥሩ ፈትል።

«የማነው?»

«የሰው።»

«የሰው መሆኑን አየሁ። ስም የለውም?»

ሙሌ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ጨርቁን አጠፈ። ዓይኔን ወደ ግድግዳው ብጥል... አለነ ኮፍያውን ረስቶ ሄዷል፤ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሙሌ፣ በእናትህ። ስንት ነው ያሰፋው?»

«ሁለት» አለና ምላሱን ነከሰ። «ሂጂልኝ አሁን፣ አደራ ነው።»

ሁለት ነጭ። አንዱ መቀየሪያ። ገዳም ውኃ ሩቅ ነው፣ ልብስ ቶሎ አይታጠብም፣ አለነ ደግሞ መንገድ ሲዘጋጅ አንድም ነገር አይረሳም። እንኳን ይሄን የጥርስ ቡሩሽ መለዋወጫ የሚይዝ ሰው ነው።

ልብስ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሰው ሲያየኝ ሽንኩርት ልል ነበር... ሽንኩርት የት አለና።

ኅዳር 7

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጽጌ ትናንት ተፈታ። ሁሉም ሰው በላ፣ እሱም ዶሮ በላ፤ ቢሆንም ቶሎ ተነሳ፣ «አባ ጋ ልድረስ» ብሎ። ዛሬ አልቻልኩም። ነጠላዬን አጣፍቼ እኔ ራሴ አባ ሃብተ ጊዮርጊስ ጋ ሄድኩ። ፀሐይ ይሞቃሉ። መስቀል ተሳለምኩና ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«አባ፣ እባክዎ አይሸኙብኝ።»

«ማንን ነው ልጄ?»

«አለነን። ዋልድባ አይሂድብኝ። ሽማግሌ ተልኮ፣ እማዬ ብቅል አብቅላ...»

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ቀጥሎ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሱ መሰለኝ። እየሳቁ ነው! ሳል እስኪያፍናቸው ድረስ።

«ማን ይመንናል አለሽ?»

«ምልክቱ ነዋ፣ አባ። ጾመ፣ ልብሱን ሰጠ፣ ይሰግዳል፣ ነጭ አሰፋ። ሌላ ምን ቀረ?»

ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «የሰው ንስሐ ከኔ አፍ አይወጣም። ሂጂና እሱኑ ጠይቂው። ዛሬውኑ። ደግሞ ስሚኝ፣ እሱ ሲናገር አንቺ አትናገሪ።»

አለነ አስጎብኚዎቹ እንግዳ የሚጠብቁበት አጥር ሥር ነበር። ወደ ጎን ወሰድኩት።

«ልትመንን ነው?»

«ምን ልሆን?»

«ልትመንን። እንዳትዋሸኝ።»

«ስጤ... እኔ? ያንቺን ወሬ ሳልሰማ አንድ ቀን መዋል የማልችለው ሰውዬ?»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

ጫማውን አየ። አሮጌውን፤ ደኅናው ገዱ እግር ላይ ነው።

«በቁርባን እንድንጋባ ነው» አለ።

አባ እንዳዘዙኝ አልተናገርኩም።

«አባን ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ያንተን ቀኖና ፈጽም፣ ጹም፣ ስገድ፣ መጽውት፤ እሷን ከዚያ በኋላ ጠይቃት፣ እንዳትጫናት አሉኝ። ፈራሁም። ያን ዕለት በርሽ ላይ ቆሜ ሰምቼሻለሁ።»

«ምን ስል?»

«መውጫ በር የሌለው ቤት ስትይ።»

ለካ ሰምቷል...

«መጽሐፉስ?»

«መጽሐፉ ነው ያስጀመረኝ። ሰውዬው የትም ቢሄድ ግማሽ ልቡን ሌላ ቦታ ነው የሚተወው። ራሴን አየሁበት። ተራራ ላይ ሆኜ አንቺ ጋ፣ አንቺ ጋ ሆኜ ተራራ ላይ። አንድ ቦታ እንኳ ሙሉውን ላስቀምጠው አልኩ።»

«እምቢ ብልስ?»

«እንደተነጋገርነው ከጥምቀት በኋላ እንጋባለን፣ እንደ ሰዉ። የትም አልሄድም። ቀሚሱንም ያው ትለብሺዋለሽ።»

«የምን ቀሚስ?»

ጆሮው ቀላ። ሁለተኛው ነጭ የኔ ነው! ልኬን ለሙሌ የሰጡት እሱና እማዬ ናቸው፤ ጥምቀት የምለብሳትን ቀሚሴን ከሳጥን አውጥተው። እማዬ! ያቺ ስልክ የዘጋችብኝ።

ደስታ ነው? ደስታ ነው። ጎዳናው ላይ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። «ላስብበት» ብዬው ስመለስ መንገዱን እየሮጥኩ ነው የመጣሁት... ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ፍርሃቱ መጣ። እሱ እንዳይሄድ ስማጸን ቆየሁ። አሁን ለመቅረት የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ኅዳር 9

ሥራ ላይ ነኝ፣ ልቤ የለም። ታንጉት «ምን አለሽ?» ትላለች። «ምንም» አልኳት። ለታንጉት! እኔ!

መጽሐፉን ተቀብዬው መጣሁ። ገዝቼ፣ ሰጥቼ፣ ረግሜ፣ አንድ ገጽ አላነበብኩም ነበር እኮ።

ኅዳር 11

ጨረስኩት። ሹሩባ የምትሠራ ደንበኛ አስቀምጬ እንኳ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አነበብኩ።

ሰውዬው እጮኛውን፣ ቤቱን፣ ሥራውን ትቶ ይወጣል። ከገዳም ገዳም ይዞራል። አንዱ ጋ ቅዝቃዜው፣ አንዱ ጋ ምግቡ፣ አንዱ ጋ አበምኔቱ... የትም አይረጋም። አንዳንዴ አበሳጨኝ፣ «ተቀመጥ አንተ ሰው» አልኩት ጮክ ብዬ። በመጨረሻ ዋሻ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ ጋ ይደርሳል። ብርሃኑን እንዲያሳዩት ይለምናቸዋል። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው የሚጠይቁት፦ ስትወጣ የቤትህን በር ዘጋኸው? ክፍት ነው የተውኩት፣ ምናልባት ብመለስ ብዬ፣ ይላቸዋል። እንግዲያማ ገና አልወጣህም፣ እዚህም አልገባህም፣ ይሉታል።

መጽሐፉ የሚያልቀው ሰውዬው ተነስቶ ቁልቁል ሲሄድ ነው። በሩን ሊዘጋ ይሁን ሊገባበት አይናገርም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ይሄ መጨረሻ ነው? ያርጋል ላስቲክ ላይ መልሼ ልወረውረው ነበር። ቆይቼ ግን ስለ ራሴ ማሰብ ጀመርኩ... ይቺ ጸጉር ቤት ስትከፈት «ካልሆነ እተዋታለሁ» ብዬ ነው የገባሁባት። ከታንጉት ጋር መሥራት ስጀምር «ካልተስማማን አሰናብታታለሁ» ብዬ። አለነንም እሺ ስለው በሆዴ ያቺ «ካልሆነ» አብራኝ ነበረች። ሁልጊዜ አንድ እግሬን በሩ ላይ አድርጌ ነው የምቀመጠው። ማታ በሩን ቆልፌ እንኳ መቆለፉን ልፈትሽ ሁለተኛ እመለሳለሁ። ደግሞ ደክሞኛል እንዲህ መቀመጥ።

እፈራለሁ። አዎ። ግን ይሄ ፍርሃት ልክ ሊማሊሞ ገደል ጫፍ ቆሜ ቁልቁል ሳይ እንደሚሰማኝ ነው፤ እግሬ ወደ ኋላ ይላል፣ ዓይኔ ደግሞ መነቀል አይፈልግም።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ከቅዳሴ ስንወጣ አባን ጠብቄ ለእኔም ቀኖና ይስጡኝ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«እሱ ብሎሽ ነው?»

«አይደለም አባ። እሱ እስካሁን መልስ አላገኘም።»

«በይ እንግዲህ። ሌላው ይቆይና ከምላስሽ ነው የምንጀምረው» አሉ። የሰው ወሬ እስከ ገና አላወራም! እስከ ገና! ስግደቱን እጥፍ ቢያደርጉልኝ ይሻለኝ ነበር።

አለነ ከሴቶቹ በር ራቅ ብሎ ቆሟል። ሄድኩና አጠገቡ ቆምኩ።

«ሙሌን የኔ ቀሚስ ረዝሟል በለው» አልኩት።

«አይተሽው ነው?»

«አላየሁም። የእማዬ ልኬት ሁልጊዜ ይረዝማል። ነገ ልለካው እመጣለሁ በለው።»

ለአፍታ አልገባውም። ሲገባው ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። እኔም ወደ ሌላ አየሁ፣ ሰው ይበዛ ነበራ።

ታኅሣሥ 3

ነቢያትን እየጾምኩ ነው። ጉልበቴ ተልጧል። ጥፍሬን ቀለም መቀባት ትቻለሁ። ቀዩን ካፖርቴን ለአንዲት ቆሎ ሻጭ ሰጠሁ። ጠዋት ጠዋት ኪዳን አደርስና ቀጥታ ወደ ሥራ።

ዛሬ ከጓሮ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ካስክ ስር ያሉት ሴቶች ዝም ጭጭ አሉ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ስንቱን ሰው እኔ ራሴ እንዲህ ተቀብዬዋለሁ።

ሲሄዱ ታንጉት ተጠጋችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ስጦታ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ከተማው ሁሉ ልትመነኩስ ነው እያለ ነው። አለነ ደግሞ ጸጉሩን ተስተካክሎ እየሳቀ ይሄዳል አሉ፣ ያ ልበ ደረቅ። ትተሽው ልትሄጂ ነው?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እግዜር ያውቃል፣ ደረሰ። ሠርጉን፣ ቀሚሱን፣ አባ እንዴት እንደሳቁ፣ ሁሉንም። ከመስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁት፤ ነጠላ ያጣፋች፣ ፊቷ የከሳ፣ ሳቋን የምትታገል ሴት። ዋጥኩት። ለካ ምስጢር ሆድ ውስጥ ሲቀመጥ እንዲህ ይሞቃል።

«ማበጠሪያውን አቀብይኝ» አልኳት።

ማታ ልዘጋ ስል መጽሐፉን ከመሳቢያው አጣሁት። ታንጉት ወስዳ ደብቃዋለች፣ እንዳላነበው። ይሁን። ቤቷ ወስዳው ከሆነ ታነበዋለች፤ አላስችል ይላታል፣ አውቃታለሁ።

በሩን ቆልፌ ስሄድ እንደ ልማዴ ሁለተኛ ልፈትሸው አልተመለስኩም።